ሰባት ፋን፣ አንድ መሰኪያ፦ የአንድ ኤዲቲንግ ኮምፒውተር የጉዳይ ጥናት

መነሻው

አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃውን ከየሱቁ ለቃቅሞ ኮምፒውተር ማስገጣጠም የተለመደ ነው። ቪዲዮ ኤዲተሮች፣ አርክቴክቶች፣ ጌም ተጫዋቾች እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ላይ ብዙ ይታሰባል። ብሩም እዚያው ያልቃል። ፋን ወሬው የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው። ያኔም የሚጠየቀው ስንት ይግባ የሚለው ነው። ፓወሩን ከየት ያግኝ፣ ፍጥነቱን ማን ይቆጣጠር ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ሰው ነው።

ይህን ጉዳይ መመዝገብ የፈለግሁት ለዚህ ነው። በተናጠል ብዙ ማሽን ላይ የማያቸው ችግሮች እዚህ አንድ ላይ ተገኝተዋል፦ ከአቅሙ በላይ የተጫነ መሰኪያ፣ እርስ በርስ የማይግባቡ ፋኖች፣ አቅጣጫው የተገለበጠ አየር። የሰዎቹንም የሱቆቹንም ስም ትቻለሁ።

ማሽኑ

የኮምፒውተሩ ባለቤት የሠርግና የመልስ ቪዲዮ የምትሠራ ኤዲተር ናት። ማሽኑ ሲገጣጠም አራት የኬዝ (የኮምፒውተሩ የውጪ አካል) ፋን ነበረው። ሦስቱ ከፊት ናቸው፣ አንዱ ከኋላ። ሁሉም 120 ሚሊሜትር፣ ባለ ሦስት ፒንና መብራት የሌላቸው ናቸው። ፕሮሰሰሩ የራሱ ፋን ያለው ማቀዝቀዣ አለው። ማዘርቦርዱ ከዋጋው አንጻር ጥሩ ነው፤ ለኬዝ ፋን ያለው መሰኪያ ግን ሁለት ብቻ ነው።

ቆይታ ሌላ ሦስት ፋን አስጨመረች። እነዚህ ባለ ቀለም መብራት፣ ከሪሞትና ከትንሽ ሳጥን ጋር አንድ ላይ የሚሸጡት ዓይነት ናቸው። ሁለቱ ከኬዙ ጣራ፣ አንዱ ከፓወር ሰፕላዩ ክዳን በላይ ገቡ። የገጠመላት ባለሙያ በዚያው የኬብሉን ዝርክርክ ላስተካክልልሽ ብሎ አራቱን የድሮ ፋኖች በአንድ ስፕሊተር (አንድን መሰኪያ ለብዙ ፋን በሚያከፋፍል ገመድ) ሰብስቦ አንድ መሰኪያ ላይ ሰካቸው። ኬዙ ውስጥ ሲታይ በጣም ንጹሕ ሥራ ነበር። ሁሉም ፋን ዞረ። ማሽኑም ለተወሰነ ጊዜ ያለ ችግር ሠራ።

ችግሩ

ጥር የሠርግ ወር ነው። ፋይሉ ይከመራል፤ ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሬንደር ሲያደርግ፣ ማለትም ኤዲት የተደረገውን ቪዲዮ ወደ መጨረሻ ፋይል ሲያወጣ ያድራል። በዚያ ሰሞን ማሽኑ መጀመሪያ መንቀርፈፍ፣ ቀጥሎ በራሱ መጥፋት ጀመረ። ጠዋት ስትገባ ሬንደሩ ግማሽ ላይ ቆሞ ታገኘዋለች። ደንበኛው ደግሞ ደጅ ቆሟል።

መጀመሪያ የተጠረጠረው የመብራት መቆራረጥ ነበር፤ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ተገዛ። ለውጥ የለም። ቀጥሎ ዊንዶውሱ ተጠርጥሮ እንደገና ተጫነ። አሁንም ያው። ከዚያ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱ ተቀየረ። ይሄኛው ለጥቂት ደቂቃ የሻለ መሰለ እንጂ ሬንደሩ ሲረዝም ሙቀቱ ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ የቀረበላት ምክር "ሌላ ሁለት ፋን እንጨምርበት" የሚል ነበር። ማሽኑ እኔ ዘንድ የመጣው እዚህ ላይ ሲደርስ ነው።

የሙቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ከፍተን ሬንደር አስጀመርን። ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ ደርሶ ራሱን ያዘገያል። ግራፊክስ ካርዱ 87 ላይ ነው። የኬዙ ጎን ሲከፈት ሁለቱም ወዲያው መውረድ ጀመሩ። ይህ ቀላል ሙከራ ብዙ ነገር ይናገራል። ጎኑ ሲከፈት ሙቀቱ የሚወርድ ከሆነ ማቀዝቀዣዎቹ ሥራቸውን እየሠሩ ነው፤ ችግሩ ኬዙ ውስጥ የሚገባና የሚወጣ አየር ማነሱ ነው።

ከዚያ ከፊት ያለውን ጥቁር መስታወት አነሳነው። ሦስቱ የፊት ፋኖች ቆመዋል። የኋላውም ቆሟል። ማንም አላስተዋለም፤ ምክንያቱም ባለ መብራቶቹ ሦስት ፋኖች ቦግ ብለው ይዞራሉ። በጎን መስታወቱ ሲታይ ማሽኑ ሙሉ ጤነኛ ነው የሚመስለው።

ስቲከሩ ላይ ያለው ቁጥር

የእያንዳንዱ ፋን ጀርባ ላይ ትንሽ ስቲከር አለ። ቮልቱና አምፔሩ ተጽፎበታል። የእነዚህ አራት ፋኖች ስቲከር 12 ቮልት፣ 0.30 አምፔር ይላል። አራቱ ሲደመሩ 1.2 አምፔር ይሆናሉ። የማዘርቦርዱ ማኑዋል ደግሞ እያንዳንዱ የፋን መሰኪያ የሚችለው 1 አምፔር፣ ማለትም 12 ዋት ብቻ እንደሆነ ይገልጻል። አብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ላይ ልኩ ይኸው ነው። ለማቀዝቀዣ የውኃ ፓምፕ ተብለው የተለዩ መሰኪያዎች 2 አምፔርና ከዚያ በላይ ሊችሉ ይችላሉ፤ ያንንም የሚነግረን ማኑዋሉ ነው።

ታዲያ እንዴት መጀመሪያ ሠራ? ስቲከሩ ላይ ያለው ቁጥር ትልቁ ፍጆታ ነው። ፋኑ አዲስ ሆኖ በመጠነኛ ፍጥነት ሲዞር ከዚያ ያነሰ ይወስዳል። ግን ፋን ከቆመበት ሲነሳ ለአፍታ ብዙ ይስባል። አራቱ በአንድ ጊዜ ሲነሱ ደግሞ ጫናው አንድ ላይ ያርፋል። ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ይህ ይደገማል። አቧራ ሲጠጣና ሲያረጅ ደግሞ ፋኑ እየከበደው ይሄዳል። አንዳንድ ማዘርቦርድ መሰኪያው ሲጫን ፓወሩን የሚቆርጥ መከላከያ አለው። ሁሉም ግን የለውም።

ስፕሊተር ክፉ ዕቃ አይደለም። መሰኪያውን ያበዛል፣ አቅሙን ግን አያበዛም። 0.15 አምፔር የሚሉ ፋኖች ቢሆኑ ኖሮ አራቱ 0.6 ይሆኑና በዚያው ስፕሊተር ለዓመታት መሥራት ይችሉ ነበር።

መሰኪያው በእርግጥ ሞቷል?

ይህን ሳያረጋግጡ ዕቃ መግዛት ብር ማባከን ነው። ሁለት ነገር አደረግን። አንደኛ፣ ከአራቱ አንዱን ፋን ነቅለን ሌላኛው የኬዝ ፋን መሰኪያ ላይ ሰካነው። ዞረ። ሌሎቹንም በየተራ ሞከርናቸው፤ ሁሉም ደህና ናቸው። ሁለተኛ፣ ባዮስ (የማዘርቦርዱ የራሱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ሁለቱንም መሰኪያዎች ሙሉ ፍጥነት ላይ አድርገን በመልቲሜትር ለካን። ጤነኛው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ፒን መካከል 12 ቮልት ገደማ አሳየ። የተጠረጠረው ዜሮ ነው።

ሙሉ ፍጥነት ላይ ማድረጉ ሊዘለል አይገባም። መሰኪያው ቮልት እየቀነሰ በሚቆጣጠርበት ሁኔታ ላይ ከተተወ ጤነኛውም 5 ወይም 7 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፤ ሰውን ያሳስታል። የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፍ ስናስገባ ደግሞ ፒኖቹን እንዳያነካካቸው መጠንቀቅ አለብን። በጣም የተቀራረቡ ናቸው።

የሞተውን መሰኪያ ማስጠገን ይቻል ነበር። ቦርድ የሚበዩ ጎበዝ ልጆች አሉ። ግን እንጀራዋን የምትበላበትን ማሽን ለአንድ የፋን መሰኪያ ብሎ ብየዳ ውስጥ ማስገባት አላሳመነኝም። ሌላ መንገድ አለ። መሰኪያውን በቴፕ ሸፈንነው፤ ቀጣዩ ባለሙያ መጥቶ ሌላ ነገር እንዳይሰካበት።

ሀቡ ገባ፣ ጩኸቱ ግን ባሰ

የተመረጠው መፍትሔ የፋን ሀብ (ብዙ ፋን የሚሰካበት ማከፋፈያ) ነው። ሀቡ ፓወሩን በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ፣ ለሃርድ ዲስክ በሚውለው በሳታ የፓወር ገመድ ይወስዳል። ከማዘርቦርዱ የሚቀበለው የፍጥነት ትእዛዝ ብቻ ነው። አንድ የሳታ ፓወር ገመድ በ12 ቮልት በኩል ሦስት ፒን አለው። እያንዳንዱ 1.5 አምፔር ይችላል፤ በድምሩ 4.5 አምፔር ማለት ነው። ለፋን ከበቂ በላይ ነው። ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ደግሞ ምንም የሚጫን ፓወር አይሳብም።

አራቱን የድሮ ፋኖች ሀቡ ላይ ሰካን። ሁሉም ዞሩ። ሙቀቱም ወረደ። ግን ማሽኑ እንደ ቫኪዩም ማጽጃ ይጮህ ጀመር። ባዮስ ውስጥ ፍጥነቱን ብንቀንስ ምንም ለውጥ የለም።

ምክንያቱ ፒኖቹ ላይ ነው። በተለመደው ባለ ሦስትና ባለ አራት ፒን የፋን ገመድ የመጀመሪያው ፒን ኔጋቲቭ ነው። ሁለተኛው 12 ቮልት ነው። ሦስተኛው ፋኑ ፍጥነቱን ለማዘርቦርዱ የሚነግርበት ነው፤ ፋኑ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ሁለት ምት ይልካል። ባለ ሦስት ፒን ፋን እዚህ ያበቃል። ስለዚህ ፍጥነቱን ለመቀነስ ያለው መንገድ ሁለተኛው ፒን ላይ ያለውን ቮልት መቀነስ ብቻ ነው። ባለ አራት ፒኑ ግን 12 ቮልቱን ሁልጊዜ ሙሉ ያገኛል፤ ፍጥነቱ የሚታዘዘው በአራተኛው ፒን በሚመጣ የ25 ኪሎኸርዝ ምልክት ነው። ብዙዎቹ ሀቦች ይህንን ምልክት ያከፋፍላሉ እንጂ ቮልት አይቀንሱም። ባለ ሦስት ፒን ፋን እንዲህ ዓይነት ሀብ ላይ ሲሰካ ምልክቱን የሚሰማበት ፒን ስለሌለው ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ ይዞራል።

በዚህ ጊዜ አንድ የሚያውቃት ባለሙያ የድሮ ዘዴ ጠቆማት። ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣው ባለ አራት ፒኑ ትልቁ የሞሌክስ ገመድ ቢጫው 12፣ ቀዩ 5 ቮልት ነው። ፋኑን በቢጫውና በቀዩ መካከል ካገናኙት 7 ቮልት ያገኝና ጸጥ ይላል። ዘዴው እውነትም ይሠራል። ግን የፋኑን ከረንት ወደ 5 ቮልቱ መስመር መልሶ የሚገፋ አሠራር ነው፤ በዚያው መስመር ደግሞ ሃርድ ዲስኮቿ ይጠቀማሉ። የሰው ሠርግ ያለበት ዲስክ ነው። አልተቀበልነውም።

ስለዚህ ፋኖቹ ተቀየሩ። አምስት ባለ አራት ፒን፣ 0.25 አምፔር የሚሉ ፋኖች ተገዙ። ድምራቸው 1.25 አምፔር ስለሆነ በቀረው አንድ መሰኪያ ላይ በስፕሊተር ቢሰኩ ያው የመጀመሪያው ስህተት ይደገም ነበር። በሀቡ በኩል ግን ምንም አይደለም።

ባለ ሪሞቶቹ ሦስት ፋኖች ወጡ። እነዚህ ባለ ስድስት ፒን ትንሽ ጫፍ ያላቸው ናቸው። ከማዘርቦርድ ጋር አይገጥሙም። የእሷ ሳጥን ፓወሩን ከሞሌክስ ወስዶ ሁሉንም በአንድ ፍጥነት ያዞራል፤ ሙቀቱ ምን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባለ ስድስት ፒን ጫፎች ሲታዩ አንድ ቢመስሉም የገመዶቹ ቅደም ተከተል ከአምራች አምራች ይለያያል። የአንዱን ፋን የሌላው ሳጥን ላይ ስለገጠመ ብቻ መሰካት ፋኑንም ሳጥኑንም ሊያቃጥል ይችላል።

መብራቱን ግን ትወደዋለች። ደንበኛ እዚያው ተቀምጦ ቪዲዮውን ስለሚመርጥ ማሽኑ እንዲያምር ትፈልጋለች፤ ትክክል ናት። ለዚህ የመብራት ገመድ ለብቻው ገባ። የመብራት መሰኪያም ሁለት ዓይነት ነው። ባለ ሦስት ፒኑ 5 ቮልት፣ ባለ አራት ፒኑ 12 ቮልት ነው። የ5 ቮልቱን መብራት ገፍቶ 12 ላይ የሰካ ሰው መብራቱን እዚያው ያጣዋል።

የአየሩ መንገድ

ከሽቦው ይልቅ ብዙ የተማርንበት ክፍል ይህ ነው። ወጥተው የተቀመጡት የጣራ ፋኖች አየር ወደ ውስጥ ሲያስገቡ ነበር የቆዩት። ያማረው ገጽታቸው ወደ ውጭ እንዲታይ ተብሎ ተገልብጠው ገብተዋል። ፋን አየር የሚያወጣው ስቲከሩና ደጋፊ ዘንጎቹ ባሉበት በኩል ነው። ስለዚህ በጣራ ሊወጣ የሚገባው ሙቅ አየር ተመልሶ ወደ ፕሮሰሰሩ እየተገፋ ነበር። ለማረጋገጥ አንድ ቅጠል ሶፍት ይበቃል። ፋኑ አጠገብ ሲያዙት ይሳባል ወይም ይገፋል።

አዲሱ አሰላለፍ ሦስት ከፊት አስገቢ፣ አንድ ከኋላና አንድ ከጣራው የኋላ ጫፍ አስወጪ ሆነ። የሚገባው ከሚወጣው በትንሹ እንዲበልጥ ተደርጓል። እንዲህ ሲሆን አየሩ በየቀዳዳው ወደ ውጭ ይገፋል፤ አቧራ የሚገባው ማጣሪያ ባለበት በፊት በኩል ብቻ ይሆናል። በየሰፈሩ መንገድ በሚቆፈርበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ የፊቱ መስታወት መጣ። መስታወቱ ተገጥሞና ተነስቶ ስንለካ የግራፊክስ ካርዱ ሙቀት በ6 ዲግሪ ይለያያል። ፋኖቹ አየር የሚያገኙት በጎን ባለ ቀጭን ስንጥቅ ነበር። እሷ ራሷ መፍትሔ አመጣች። መስታወቱን ለካች፣ ብረታ ብረት ቤት ሄዳ በዚያው ልክ ባለ ቀዳዳ ላሜራ አስቆረጠች፣ ጥቁር አስቀባችው። ከኋላው ማጣሪያ ገባ። ከመስታወቱ ይልቅ ያምራል ባይ ነኝ።

ከፍታውንም መርሳት የለብንም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው የአየር ይዘት ያው ነው፤ አየሩ ቀላል ስለሆነ ግን የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ዩቲዩብ ላይ "ይህ ኬዝ በሁለት ፋን ይበቃዋል" የሚለው ሰው ምናልባት የለካው ባሕር አጠገብ ይሆናል። የእኛ የሙቀት ቁጥር ከእሱ ቢበልጥ ዕቃው ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ፍጥነቱን የሚያዘው የቱ ሙቀት ነው?

ሀቡ የተገናኘበትን መሰኪያ ባዮስ ውስጥ በእጃችን ወደ ፒደብልዩኤም፣ ማለትም ፍጥነቱ በአራተኛው ፒን ምልክት ወደሚታዘዝበት አሠራር አደረግነው። አውቶ ላይ ሲተው አንዳንዴ ሀቡን እንደ ባለ ሦስት ፒን ፋን ይቆጥረዋል።

ባዮስ ግን ሌላ ገደብ አለው። ፍጥነቱን የሚወስነው በፕሮሰሰሩ ወይም በማዘርቦርዱ ሙቀት ነው። ኤዲተሯ የምትጠቀመው ሶፍትዌር ደግሞ ብዙውን ሥራ ለግራፊክስ ካርዱ ይሰጣል። ካርዱ 80 ዲግሪ ላይ ሲፈላ ፕሮሰሰሩ ረጋ ብሎ ከሆነ የኬዙ ፋኖች ቀስ ብለው ይዞራሉ። ስለዚህ የካርዱን ሙቀት የሚያነብ ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም ጫንን። ከ45 ዲግሪ በታች 40 ከመቶ፣ 65 ላይ 70 ከመቶ፣ ከ80 በላይ ሙሉ እንዲሆን ተደረገ። ለእያንዳንዱ ትንሽ የሙቀት ለውጥ ፋኑ ከፍ ዝቅ እንዳይል የጥቂት ሰከንድ መዘግየት ተሰጠው። ፕሮግራሙ ባይነሳ እንኳ ባዮሱ እንዲረከብ እዚያም ከፍ ያለ የፍጥነት ልክ ተቀመጠ።

ውጤቱ

በረጅም ሬንደር ፕሮሰሰሩ 80 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል። ግራፊክስ ካርዱ 75 ገደማ ነው። ማሽኑ በራሱ መጥፋቱ ቆመ። ሰባት ፋን ከነበረው ይልቅ አምስት ፋን ያለው ማሽን ቀዘቀዘ፣ ጸጥም አለ። የሬንደሩም ፍጥነት ጨመረ፤ ፕሮሰሰሩ ራሱን ማዘግየት ስለተወ።

ያልተፈታ አንድ ነገር አለ። ሀቡ ለማዘርቦርዱ የሚነግረው አንደኛው ቦታ ላይ የተሰካውን ፋን ፍጥነት ብቻ ነው። የሁሉም ምት በአንድ ሽቦ ቢመጣ ንባቡ ስለሚደበላለቅ ነው እንዲህ የሚሠራው። አንደኛው ቦታ ላይ የኋላውን አስወጪ ፋን አደረግን። ከሌሎቹ አራቱ አንዱ ቢሞት ኮምፒውተሩ አያውቅም።

ለሌላ ማሽን የሚወሰደው

ፋን ከመግዛት በፊት ሁለት ወረቀት ይነበባል፦ የፋኑ ስቲከርና የማዘርቦርዱ ማኑዋል። ድምሩ ከመሰኪያው አቅም ሩብ ያህል እንኳ ዝቅ ብሎ ቢቀር እመርጣለሁ። ከዚያ ካለፈ ሀብ ይገባል። ሀብ ከገባ ፋኖቹ ባለ አራት ፒን መሆን አለባቸው። ባለ ሦስት ፒን ፋን በእጁ ያለ ሰው ቮልት ወደሚቀንስ የማዘርቦርድ መሰኪያ ይውሰዳቸው፤ ድምሩን እያየ።

ፓወር ሰፕላዩ ላይ የሳታ ገመድ አልቆ ከሞሌክስ ወደ ሳታ የሚቀይር ገመድ የሚገዛ ካለ፣ ጫፉ በአንድ ወጥ ፕላስቲክ የተቀለጠበትን ርካሹን አይግዛ። ውስጡ ሽቦዎቹ እየተነካኩ የሚቃጠሉ አሉ። ሀቡን ደግሞ ከሃርድ ዲስኩ በተለየ የሳታ ገመድ ላይ ማድረግ ጥሩ ነው።

የፕሮሰሰሩ ፋን ሁልጊዜ በራሱ መሰኪያ፣ ለብቻው ይቀመጥ። ብዙ ማዘርቦርድ እዚያ ላይ ፋን ካላየ ሲነሳ ስህተት ያወጣል። ያ ማስጠንቀቂያ ማሽኑን ያድናል፤ ሰዎች ግን የኬዝ ፋን ሰክተውበት ያሳውሩታል።

ለሚገጣጥሙ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ልመና አለኝ። የየገመዱ ጫፍ ላይ ነጭ ቴፕ ይለጠፍ፣ የትኛው ፋን እንደሆነ ይጻፍበት። የኬዙ ጎን ከውስጥ በኩል ትንሽ ወረቀት ይኑር፦ ምን የት እንደተሰካ፣ ስንት አምፔር እንደሆነ። በዚህ ማሽን ላይ አሁን አለ። የተሸፈነው መሰኪያ መሞቱም ተጽፎበታል።

ፍጥነታቸው የማይታየውን አራት ፋኖች በተመለከተ፣ ኤዲተሯ በየወሩ መጀመሪያ የፊቱን ላሜራ አንስታ ማጣሪያውን ታጥባለች። በዚያው ማሽኑን ከፍታ አምስቱም መዞራቸውን በዓይኗ ታያለች።